ባዶዋን የከበደች ፔጆ

መኪናችን ባዶዋን ስትሄድ እንኳ አራት ሰው ተሸክማ እንደምትዞር የነገረን መካኒክ አይደለም፤ የእህል ሚዛን ነው። የሚዛኑ ሠራተኛ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ከኋላ ወንበር ሥር የተደበቀ ሰው ሲፈልግ አይቼ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገብቶኝ ነበር። ታሪኩን ግን ከሚዛኑ ብጀምርላችሁ አይገባችሁም፤ ከዳገቱ ልጀምር።

ሮማን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። ኮሌጅ ገብቼ የሒሳብ ሥራ ተምሬ ነበር፤ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስፈልግ ሥራው እኔን አልፈለገኝም። በዚያው ሰሞን የአባቴ ዓይን ደከመና መንጃ ፈቃዳቸውን ማሳደስ አልቻሉም። ፔጇችን ግቢ ቆማ አቧራ ስትለብስ ማየት ሲያስጠላኝ እኔው መንጃ ፈቃድ አወጣሁና መሪውን ተረከብኩ። መጀመሪያ አካባቢ በሩን ከፍቶ ሴት መሆኔን ሲያይ መልሶ የሚዘጋ ተሳፋሪ አይጠፋም ነበር። አንዳንዱን እየሳቅሁ፣ አንዳንዱን እየተቆጣሁ አስገባሁት። ቀስ በቀስ ተለማመድን።

አባቴ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የማያውቃቸው የለም። መንዳት ቢያቆሙም ከመኪናዋ አልተለዩም። ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ቁጭ ብለው ማርሽ ቀይሪ፣ ፍሬን ንኪ፣ ጉድጓድ አለ ይሉኛል። የሰው ፊት ለመለየት ይቸገራሉ እንጂ ጉድጓድ አያመልጣቸውም። ራሳቸውን ረዳት ብለው ይጠራሉ፤ እኔ በሆዴ አለቃዬ እላቸዋለሁ።

የምንሠራው ከፈረስ መጋላ ወደ ሐኪም ጋራ ነበር። ሜዳ ሜዳውን ባጃጆቹ ወስደውታል፤ እንደኛዋ ላለች አሮጌ መኪና የቀረው ይኼ መስመር ብቻ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ መኪናችን ሰው ከሞላች ዳገቱን አትወጣም። ደንበኞቻችን ይኼን ስለሚያውቁ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንም ሳይነግራቸው በር ከፍተው ይወርዳሉ። እኔ ባዶዋን እያስጓራሁ እወጣለሁ፣ እነሱ በእግራቸው ይከተላሉ፣ ላይ ስንገናኝ መልሰው ይሳፈራሉ።

ከሁሉም የሚያሳቅቀኝ የእማማ ፋጡማ ነበር። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ ውለው ማታ ወደ ሐኪም ጋራ የሚመለሱ እናት ናቸው፤ ጉልበታቸው የታመመ ነው። ከእኛ መኪና ሌላ አይሳፈሩም፤ ከአባቴ ጋር የድሮ ጎረቤት ናቸው። ዳገቱ ገና ሲታያቸው እጃቸው የበሩ መክፈቻ ላይ ነው። «ልጄ፣ ወላሂ እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም፤ መኪናሽን ሸኚ ነኝ» ብለው ይወርዳሉ። በመስታወት አያቸዋለሁ፤ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ሲወጡ።

አንድ ቀን የታክሲ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሰበሰበንና የሐኪም ጋራ ሰው አቤቱታ እንዳቀረበ ነገረን። በእግሩ ዳገት ለመውጣት ታክሲ አይሳፈርም ነው ያለው፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም መኪና ወንበሩን ሞልቶ ዳገቱን እንዲወጣ ይደረጋል፤ የማይወጣ ከመስመሩ ይሰረዛል። የዓመቱን ቦሎ ያልለጠፈ ደግሞ ለፈተናው አይቀርብም። የኛ ቦሎ ሊያልፍ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ከመስመሩ ከወጣን ምን እንደሚከተል ማንም አልነገረንም፤ መናገርም አያስፈልግም። ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ነጋዴ ከስብሰባው ደጃፍ ቆሞ ነበር። በኪሎ ነው የሚገዛው። ፔጇችንን ከፊት እስከ ኋላ በዓይኑ ለካትና «ይቺስ ትመዝናለች» አለ። አባቴ ሰምተውታል። መኪናዋ ከትዳራቸው በፊት የነበረች ናት፤ እናቴን ለሠርጓ ያመጧት በሷ ነው፣ እኔም ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባሁት በሷ ነው። ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እማማ ፋጡማና ሌሎች ደንበኞች ሞልተውን ዳገቱ ሥር ደረስን። እማማ እንደልማዳቸው በሩን ሊከፍቱ ሲሉ አባቴ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «ዛሬ ማንም አይወርድም» አሉ። እኔን ደግሞ «ንጂ» አሉኝ።

ነዳሁ። በሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ሄደች፤ ወደ አንደኛ መለስኳት። ሞተሩ እያቃሰተ ግማሽ መንገድ አደረሰንና ቀጥ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስቤ እንደ ምንም አቆምኳት።  ከኋላችን ዘንባባ የተሸከመ አህያ እየነዳ የሚመጣ ሰው ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

መጀመሪያ በር ከፍቶ የወረደው ማን ይመስላችኋል? አባቴ ናቸው። ድንጋይ ፈልገው፣ ጎንበስ ብለው ከኋላ ጎማው ሥር አስደገፉ። ቀጥሎ እማማ ፋጡማን እጃቸውን ይዘው አወረዱና ሁለቱ አዛውንቶች ተደጋግፈው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። እኔ መሪው ላይ ቀርቼ ከኋላቸው እያየኋቸው አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ስናደድ ነው እኔ ሥራ የምሠራው።

በማግስቱ መካኒካችን ሞተሩን ፈትሾ ጤነኛ ነው አለኝ። ታዲያ ለምን አትወጣም ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ግን ምክር አላነሳቸውም። ክብደት ቀንሺላት አሉኝ። ስኮርት ጎማውን አውጪ፣ ክሪኩን ቤት አስቀምጪ፣ የኋላውን ወንበር ብረት አስቆርጪና ስፖንጅ ብቻ አድርጊ፣ ቀበቶውን ማንም አያስረውም አንሺው፣ መስታወቱን በፕላስቲክ ቀይሪው። አንዱማ የኋላውን ፓራውልት ፈትቶ ሊሰጠኝ መፍቻ ይዞ መጣ። የቸገረው ሰው ሁሉን ይሰማል፤ እኔም ሰማሁ። ግን ማታ ወደ ኋላ ስትንሸራተት የተሰማኝ ነገር ገና ከሆዴ ስላልወጣ፣ አንድም ብሎን ሳላስፈታ በቀጥታ ቦሎ ወደሚሰጠው የምርመራ ጣቢያ ሄድኩ።

መርማሪው ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የተመከርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እህቴ፣ ከነዚህ አንዱን አውጥተሽ ብትመጪ ቦሎ አልሰጥሽም» አለኝ። «ቀበቶ የሌላት ታክሲ፣ ስኮርት የሌላት ታክሲ ሕግም አይፈቅድልሽ፣ ዳገቱም አይምርሽ።»

«ታዲያ ምን ላውጣ?»

በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ። «ፋብሪካው ያስቀመጠውን አትንኪ። እናንተ የጨመራችሁትን ፈልጊ። መጀመሪያ ግን ባዶዋን አስመዝኛትና ሊብሬው ላይ ካለው ክብደቷ ጋር አስተያዪው።»

እኛ ምን ጨመርን ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ የእህል መኪኖች የሚመዘኑበት ትልቅ ሚዛን አለ፤ አባቴን ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ሁለታችንም ወርደን መኪናዋ ብቻዋን ሚዛኑ ላይ ቆመች። ሠራተኛው ቁጥሩን አየና በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ውስጥ ያሉት ይውረዱ» አለን።

ማንም የለም አልነው። አላመነንም። ወጥቶ መጥቶ አንገቱን አስገባ፣ ከወንበሩ ሥር አየ፣ መልሶ ገብቶ መዘነ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ሚዛኑ ያለው ሌላ ነው። ልዩነቱ የአራት ጎልማሳ ሰው ክብደት ነው። ለካ ተሳፋሪዎቻችን ዳገቱ ላይ ሲወርዱ እንኳ ሌሎች አራት ውስጥ ቁጭ ብለው ይቀሩ ኖሯል። አባቴ ቁጥሩ ሲነበብላቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

እነዚያን አራት የማይታዩ ሰዎች ለማስወረድ መኪናዋን አብዱ ባቲላሜራ ጋ ወሰድናት። አብዱ ከግንቡ ውጪ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ላሜራ የሚቀጠቅጥ የሰፈራችን ልጅ ነው። ቢስሚላህ ብሎ የኋላውን ኮፈን ከፈተ። መጀመሪያ የወጣው የአሸዋ ከረጢት ነበር። አባቴ ክረምት ላይ ኋላዋ እንዳይንሸራተት ብለው ያስገቡት፤ ክረምቱ ስንት ጊዜ አልፏል፣ ከረጢቱ ግን አልወረደም። እንዲያውም አርጅቶ ሲቀደድ አዲስ ከረጢት ይለበስለታል እንጂ አሸዋው አይነካም።

ከዚያ ሌላውም እየተከታተለ ወጣ። ከፊትና ከኋላ የተበየደው ወፍራም የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ግመል መብራቱን ከሰበረ ወዲህ የተጨመረ ነው። የጣራው ዕቃ መጫኛ ከድሬ ጠያራ አትክልት ይመጣበት የነበረ የማዕዘን ብረት ነው፤ አትክልቱ በጭነት መኪና መምጣት ከጀመረ ቆይቷል። በሮቹ ሲከፈቱ እንዳይንኳኩ ተብሎ የተጠቀጠቀ ብርድ ልብስ ወጣ፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል፣ በሩንም ከውስጥ እየበላው ነበር። ወለሉ ላይ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ፣ ከምንጣፉ ሥር ደግሞ ላሜራ በላሜራ ላይ። በዛገ ቁጥር የዛገውን ሳያነሱ በላዩ ሌላ ይበየዳል። አብዱ ይኼን ሲያይ ሳቁን ተወ። የዛገውን ሁሉ ቆርጦ አንድ ጤናማ ላሜራ ካልበየደ፣ የቀበቶውንና የወንበሩን ማሰሪያ የያዘው ዝገት ብቻ እንደሆነ ነገረን። እንግዲህ ያ ሁሉ ብረት ተከምሮ ሰው የሚጠብቀው ክፍል ባዶ ነበር ማለት ነው።

አባቴ እያንዳንዱ ነገር ሲወጣ ታሪኩን ይነግሩናል፤ ከዚያ ለራሳቸው «እሺ» ይላሉ። ለግመሉ ቧንቧ እሺ አሉ። ለዕቃ መጫኛው ትንሽ አንገራግረው እሺ አሉ። አብዱ በመጨረሻ በመዶሻው እጀታ የነጂውን በር ኳ ኳ አድርጎ «አሁን የቀረው ይኼ ነው፤ ቀለሙ» ሲላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

ይኼን ለሐረር እንግዳ የሆነ አንባቢ አይረዳልኝ ይሆናል። በጀጎል ቤቶች ግድግዳ በየዓመቱ ይቀባል፤ ዐረፋ ሲደርስ፣ ረመዳን ሲቃረብ የጎረቤቶቻችን እናቶች ኖራ በጥብጠው፣ ቀለም ቀላቅለው ግንቡን ያድሳሉ። አሮጌው ቀለም አይፋቅም፤ አዲሱ በላዩ ይሄዳል። እኛ ክርስቲያን ብንሆንም ሰፈሩ ሲቀባ የኛ ቤት አይቀርም። አባቴ ደግሞ ቤታቸውን ቀብተው ሲጨርሱ መኪናዋን ይቀባሉ። ሳይፍቁ። የተጎዳውን በስቱኮ ይሞላሉ፣ በላዩ ሰማያዊና ነጭ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። ሰማያዊውን በየዓመቱ በጣሳ እየበጠበጠች የምታዘጋጀው እናቴ ነበረች። በሐረር ምድር መኪናን እንደ ግድግዳ ያደሰ ሌላ ሰው መኖሩን አላውቅም።

«ቀለሙ አይነካም» አሉ አባቴ።

«አባባ፣ የበሩ ማጠፊያ በክብደቱ ተጎትቷል፤ ያዩታል እኮ» አልኳቸው።

«አይነካም አልኩ። ግድግዳ ተፍቆ ያውቃል?»

አብዱ መዶሻውን አስቀመጠ። በጣም ነው የሚያከብራቸው። «ጋሽ ታደሰ፣ ወላሂ ግድግዳ ዳገት አይወጣም» አላቸው በቀስታ።

 አባቴ ኮፍያቸውን አድርገው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ልከተላቸው ስል አብዱ ተይ አለኝ።  ለምን እንደጨነቃቸው ገብቶኛል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰማያዊውን የሚበጠብጡት እሳቸው ናቸው፣ የሷ እጅ ያለበት ቀለም ደግሞ ከሥር ነው። የተፋቀ እንደሆነ ከእጃችን ይወጣል። ግን የእማማ ፋጡማ ጉልበትም አለ፣ የነጋዴው ዓይንም አለ፣ የፈተናው ቀንም እየደረሰ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ጠዋት አብዱ ጋ ስደርስ አባቴ ቀድመውኛል። ከቤት የወጥ ቤት ቢላ ይዘው መጥተው የነጂውን በር እሳቸው ራሳቸው እየፋቁ ነው። በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ትንሽ ይፍቃሉ፣ መልሰው ዓይናቸውን አስጠግተው ያያሉ። ሰማያዊ ከሰማያዊ ሥር ይወጣል፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ የደበዘዘ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ ያጋደለ። ከጎናቸው ቁጢጥ አልኩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቢላውን አቆሙ።

«ይቺ ናት» አሉኝ። «የመጨረሻዋ የእናትሽ። ነጩ አልቆባት ውሃ አበዛችበት። ቀጠነ ብዬ ተቆጥቻት ነበር።»

 ትከሻቸውን አቀፍኳቸው፤ አቅፌአቸው የማላውቀውን ያህል አቀፍኳቸው። አብዱ ወደ ዛፉ ዞሮ የማያስፈልገውን ብረት ይቀጠቅጥ ጀመር። ቆይቶ መጣና አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የነዳጅ መሙያው ክዳን ፊት፣ የመዳፍ ያህል ቦታ፣ ከነሙሉ ድርቡ ይቀር። አባቴ አስበው «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላቆመንም። ሦስታችን ስንፍቅ ዋልን፤ የተፋቀው ስቱኮና ቀለም የእህል ጆንያ ሞላ። ጆንያውን ለሁለት ነው ያነሳነው።

ሥራው ሲያልቅ ወለሉ አንድ ወጥ ላሜራ ሆኗል፣ በሮቹ በአንድ ጣት ይዘጋሉ፣ በላይዋ አንድ ስስ ሰማያዊና ነጭ ብቻ አለባት። ስኮርቱ፣ ክሪኩ፣ የእሳት ማጥፊያው፣ ቀበቶው ሁሉ ቦታው ላይ ነው። መርማሪው ጋ ስንሄድ ከሥሯ ገብቶ ብየዳውን መታ መታ አደረገ፣ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ጎተተ፣ ፍሬኑን ሞከረ። ከዚያ አንድ ጉድለት አገኘ። ኋላዋ ስለቀለለ ከፍ ብላለች፣ የፊት መብራቷ መሬት መሬቱን ያያል፤ አስተካክሉና ተመለሱ አለን። አስተካክለን ተመለስን። ቦሎውን መስታወቱ ላይ ሲለጥፍ ፈገግ አለ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ብቻ በመዳፉ ኮፈኑን ቸብ ቸብ አደረገው። በመንገዳችን ሚዛኑ ጋ ጎራ አልን። ሠራተኛው በዚህኛው ጊዜ ማንንም ውረዱ አላለም።

የፈተናው ጠዋት ዳገቱ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ሊቀ መንበሩ አለ፣ የሰፈሩ ሰው አለ፣ የብረት ነጋዴውም አልቀረም። ከኛ በፊት የነበሩት መኪኖች ገሚሱ ወጡ፣ ገሚሱ ቀሩ። የኛ ተራ ሲደርስ እማማ ፋጡማ ማንም ሳይጋብዛቸው ዘንቢላቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ፤ ሁለት የሰፈር ሰዎች ተከተሏቸው። አባቴ ግን አልገቡም። መኪናዋን ወደ መነሻው ሳስጠጋ የሆነ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላዋ ከበድ ይላል። ወርጄ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ።

የአሸዋው ከረጢት ቁጭ ብሏል። አዲስ ጨርቅ ለብሶ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። አባቴ መሬት መሬቱን ያያሉ። «ኋላዋ እንዳይንሸራተት መያዣ ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እዚህ ልቅርልሽ፤ እኔ ከቀረሁ እሱ ይካካሳል።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። እኚህ ሰው መኪናዋ እንደዚያ ማታ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተትብኝ ፈርተው፣ ሌሊቱን አሸዋ ጭነው፣ ራሳቸውን ሊያወርዱ ነው። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ከረጢቱን በአንድ ጫፍ ያዝኩና «ያግዙኝ» አልኳቸው። በሁለት አውርደን ከመንገዱ ዳር አስቀመጥነው። ከዚያ የፊቱን በር ከፈትኩላቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ። አሸዋው ይቅር።»

ገቡ። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ተነሳሁ። ከኋላ በመስታወት ሳይ የእማማ ፋጡማ እጅ የበሩ መክፈቻ ላይ ነው፤ ልማድ ነው፣ ዳገቱን አይተዋል። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ባለፈው የቆምንበት፣ አባቴ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያስደገፉበት ቦታ መጣ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እማማ መክፈቻውን ሊጫኑት ነው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። «ፋጡማ» አሉ፣ «ይቀመጡ።»

እማማ ፋጡማ እጃቸውን ከበሩ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ድንጋዩን አለፍነው፣ ኩርባውን አለፍነው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳለን ጫፍ ላይ ወጣን። ጀጎል ከነግንቡ ከሥራችን ተዘረጋ። ከኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ እማማ አልሐምዱሊላህ እያሉ ዕልልታቸውን አቀለጡት። አባቴ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው በሩን በውጭ በኩል ይዳብሱ ነበር።

ያ ቀን የሰጠኝ የሐኪም ጋራን መስመር ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሲከብደኝ የምጨምርበት ነገር ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ከተማ። አሁን መጀመሪያ ወርጄ ኮፈኑን እከፍታለሁ። እናንተም፣ የሆነ ዳገት ላይ ቀጥ ያላችሁ እንደሆነ፣ ሰው ከማስወረዳችሁ በፊት እስኪ ከኋላ ምን እንደጫናችሁ እዩ። ቀበቶውንና ፍሬኑን ግን አደራ፤ እነሱ ጭነት አይደሉም።

የብረት ነጋዴው እስካሁን አልፎ አልፎ ያየናል፤ አሁን ግን ብዙ አያተርፍብንም። ነዳጅ ስንቀዳ አባቴ ወርደው ክዳኑን ራሳቸው ይከፍታሉ። ቀጂው ቱቦውን ይዞ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን አስጠግተው፣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ የተደራረቡትን ሰማያዊዎች በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የቀጠነችዋ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል። ከዚያ ክዳኑን ገጥመው «ሙላት» ይላሉ።